አልቦ ወንበር

እትዬ ትርንጎ እሺ አሉ። ትናንት ከሰዓት በኋላ ከቢቸና ደወሉና፣ ስልኩን እንደ ልማዳቸው ከጆሯቸው አርቀው ይዘው፣ ቅዳሜ ሞጣ እንደሚመጡ ለአስተማሪሽ ንገሪ ብለውኝ አፌን ሳልከፍት ዘጉት። ስልኩን እንደያዝኩ ከግቢያችን ወጥቼ እስከ መናኸሪያው ሮጥኩ። ለምን ወደ መናኸሪያው እንደሮጥኩ እኔም አላውቅም፤ ቅዳሜ ሊደርስ ገና አራት ቀን ይቀረዋል። ትኬት ቆራጩ ባሕር ዳር ነሽ ወይስ ቢቸና ብሎ ሲጠይቀኝ ሰው ልቀበል ነው አልኩት፤ የምቀበለው ሰው መቼ እንደሚደርስ ግን አልነገርኩትም። ይህን ያህል ለምን ደስ እንዳለኝ ለመናገር ወደ ኋላ መመለስ አለብኝ፤ መጀመሪያ ጥቂት ወራት፣ ከዚያ ደግሞ እኔም እናቴም ወዳልተወለድንበት ዘመን።

እትዬ ትርንጎ የአያቴ ታላቅ እህት ናቸው። ቢቸና ውስጥ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ቀጥሎ ባለችው የአባታቸው ቤት ብቻቸውን ይኖራሉ። ቤተሰባችን ስለ እሳቸው የሚያውቀው ከአንድ ዓረፍተ ነገር አይበልጥም ነበር፤ ድሮ አዲስ አበባ ቢሮ ይሠሩ ነበር፣ አለቀ። ምን ቢሮ፣ ምን ሥራ፣ ማንም አይጨምርበትም። እኔ ከዚያች ዓረፍተ ነገር ሌላ የማውቀው ሳጥኑን ነው። ሳሎናቸው ውስጥ የተወለወሉ አራት ወንበሮች እያሉ እሳቸው የሚቀመጡት ግራጫ የብረት ሳጥን ላይ ነው፤ ላዩ ላይ ራሳቸው የጠለፏት ትንሽ ትራስ አለች። ልጆች ሆነን ለፋሲካ ስንሄድ ሳጥኑ ውስጥ ወርቅ አለ የሚል ወገንና ሽጉጥ አለ የሚል ወገን ነበረን። አንድ ቀን ደፍሬ ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ "ወንበሬ ነዋ" ብለው ለብቻቸው ሳቁ። ያ ሳቅ የገባኝ ዘንድሮ ነው።

የአይሲቲ መምህራችን ቲቸር ሰናይት፣ እያንዳንዳችን ለቤታችን የሚጠቅም ነገር የሚሠራ አጭር ፕሮግራም እንድንጽፍ አዘዙን። እናቴ ጥር በገባ ቁጥር ነነዌ መቼ ነው የሚገባው እያለች ሰውን ሁሉ ስለምትጠይቅ፣ እኔ የነነዌን ጾም የሚያወጣ ልጽፍ ተነሣሁ። ባሕረ ሐሳብን፣ ማለት የአጽዋማትና የበዓላት ቀን የሚወጣበትን የቤተ ክርስቲያን ስሌት፣ ከአንድ አሮጌ የግድግዳ ካሌንደር ጀርባ ላይ አገኘሁት። ጥጉ ተቀዶ ስለነበር የጎደለውን በግምት ሞላሁት። ኮምፒውተሩ ቀኑን ሲያወጣልኝ ሰኞ ሆነ። ነነዌ ሁልጊዜ ሰኞ ስለሚገባ ትክክል መሰለኝ፤ እኔ ለእናቴ ነገርኩ፣ እናቴ ለሰፈሩ ነገረች። ቄሱ እሑድ ቀን ነገ ነነዌ ነው ብለው ሲያውጁ የእኔ ሰኞ ገና ሁለት ሳምንት ይቀረው ነበር። ከዚያ ወዲህ በራችን ፊት ለፊት ጨርቅ የሚሸጡት እማማ ዘሀራ ስሜን ትተውታል። "ነነዌ፣ የእኛን ረመዳንስ መቼ አደረግሽው?" ይሉኛል፣ ደንበኛ ፊት ሳይቀር።

ለመንፈቅ ዓመቱ ዕረፍት ቢቸና ስሄድ ፕሮግራሙን በወረቀት አሳትሜ ያዝኩ። እትዬ ትርንጎ የመሪጌታ ልጅ ስለሆኑ የተቀደደው ጥግ ላይ ምን እንደነበረ ያውቁ ይሆናል ብዬ ነው እንጂ ፕሮግራም ያነባሉ ብዬ አልነበረም። መነጽራቸውን አድርገው ተቀበሉኝ። ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እያወረዱ፣ አንዳንዴ ወደ ላይ እየመለሱ አነበቡት። አንዷ ምልክት ላይ ሲደርሱ ይህቺ ምንድን ናት አሉኝ። ሲካፈል የሚተርፈውን ታስቀራለች አልኳቸው። "እህ፣ መደቡን" አሉና ቀጠሉ። ሁለት መስመር ዝቅ ብለው ጣታቸው ቆመ።

"አንዱን ለዘመኑ አልተውሽለትም" አሉኝ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ዓመተ ዓለሙ፣ ማለት ከዓለም ፍጥረት ጀምሮ የተቆጠረው ዓመት፣ ለአሥራ ዘጠኝ ተካፍሎ የሚተርፈው ቁጥር መደብ ይባላል። ከመደቡ አንድ ይነሣል፤ እሳቸው እንደሚሉት፣ ገና ያላለቀውን ዓመት ለዘመኑ ትተሽለት ነው። የቀረው ቁጥር ደግሞ ወንበር ይባላል፤ ሌላው ስሌት ሁሉ የሚቀመጠው በእሱ ላይ ነው። መደቡ አንድ ብቻ የሆነ ዓመት ሲመጣ፣ አንዱ ሲነሣ ምንም አይቀርም። ያን ጊዜ አልቦ ወንበር ይባላል፤ የለም ማለት ነው። የለም ተባለ ተብሎ ግን ስሌቱ አይቆምም፣ ከአልቦ ተነሥቶ ይቀጥላል። የካሌንደሩ ጥግ ላይ የተቀደደብኝ ይህ አንድ ነው። አንዱን ባለመተዌ ጾሙ ሁለት ሳምንት ሄደ።

ይህን ሁሉ ሰምቼ የጠየቅኩት ስለ ጾሙ አልነበረም። እትዬ፣ የኮምፒውተር ጽሑፍ ማንበብ የት ተማሩ አልኳቸው። ከዚያ ተነሥተው ትራሷን አነሡና ሳጥኑን ከፈቱት። ወርቅም ሽጉጥም የለበትም። ከጫፍ እስከ ጫፍ ወፍራም የወረቀት ካርዶች ተደርድረውበታል፤ እያንዳንዱ እንደ ወንፊት ትንንሽ ቀዳዳ አለው። የአሮጌ ወረቀትና የማሽን ዘይት ሽታ ወጣ። አንዱን መዝዘው ወደ አፍንጫቸው አስጠጉና ዓይናቸውን ጨፈኑ። "ይኼ የሃያ ዓመት ልጅ ሆኜ የሸተትኩት ሽታ ነው" አሉ። ያን ቀን የምሳ ሰዓታችን አለፈ፣ ማንኛችንም አላስታወስነውም።

የጀመሩት ከአዲስ አበባ ሳይሆን ከዚያው ከአጥሩ ሥር ነው። አባታቸው መሪጌታው ባሕረ ሐሳብ የሚያስተምሩት ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውስጥ፣ አንድ የወይራ ዛፍ ጥላ ሥር ነበር። ተማሪዎቹ በክብ ይቀመጣሉ፤ ሴት ልጅ እዚያ አትቀመጥም። ትርንጎ ከአጥሩ ውጪ ቆመው ይሰማሉ። መሪጌታው የሚቆጥሩት በእጃቸው ነው። ግራ እጃቸውን ጨብጠው "አልቦ" ይላሉ፤ ከዚያ ከአውራ ጣት ጀምረው አንጓውን ይቆጥራሉ፤ አሥራ አራት አንጓ፣ አምስት ጥፍር፣ አሥራ ዘጠኝ። እትዬ ትርንጎ ይህን ሲያሳዩኝ አንድም አንጓ አልዘለሉም። አባታቸው ከአጥሩ ወዲያ እንደሚሰሙ ያውቁ ነበር ወይ ብዬ ጠየቅኳቸው። ማወቁንማ በምን አውቃለሁ፣ ብቻ ከባድ ቦታ ላይ ሲደርስ ድምፁን ከፍ ያደርግ ነበር አሉ። አንድ ቀን ተማሪዎቹ ሁሉ ሲሳሳቱ ከአጥሩ ውጪ ሆነው መልሱን ጮክ ብለው ተናገሩ። መሪጌታው ወደ አጥሩ ዞር ሳይሉ፣ ትክክል ነው፣ ማነው ያለው ብለው ተማሪዎቹን ጠየቁ።

ደብረ ማርቆስ ተምረው ሲጨርሱ አዲስ አበባ አጎታቸው ዘንድ ሄዱ። የእሳቸው አዲስ አበባ ግን የእኛ የቴሌቪዥኗ አይደለችም። ከአራት ኪሎ ወደ ፒያሳ በሚወርደው መንገድ ጥግ ላይ አንዲት ቦምቦሊኖ ቤት ነበረች፤ ስኳሩ ትኩስ ሆኖ ጣት ላይ የሚቀር። ሻይ አሥር ሳንቲም፣ ቦምቦሊኖው አሥራ አምስት። ከእሷ ቀጥሎ ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሴቶቹ ከጉልበት ከፍ ያለች ጉርድ ሲያሰፉ ይስቅና አንድ ጣት ዝቅ አድርጎ ይሰፋዋል፤ ለብሰው ሲሄዱ ወገባቸው ላይ አንዴ ጠቅለል አድርገው ያችን አንድ ጣት ይመልሷታል። እትዬ ትርንጎ ቡናማ ጉርድ፣ ቢጫ ሹራብና ከፍ ያለ ጫማ ነበራቸው፤ ጸጉራቸው ክብ ተደርጎ የተበጠረ፣ "በበር ስገባ ከእኔ ቀድሞ የሚገባ"። የጫማውን ዋጋ ነግረውኛል፤ በዚያ ገንዘብ ዛሬ ሞጣ ላይ የጫማ ክር አይገዛም። ይህን ሲያወሩ እግራቸውን አየሁት፤ ጥቁር የላስቲክ ጫማ አድርገዋል፣ ጣቶቻቸው ግን ቀጥ ብለው ከፍ ባለ ተረከዝ ላይ እንደቆመ ሰው ሆነዋል።

ሥራ የያዙት አገሩን ሁሉ የሚቆጥር መሥሪያ ቤት ነው። ከየአጥቢያው በእጅ የተሞላ ቅጽ ይመጣል፤ ቤት አንድ፣ ስንት ሰው፣ ስንት ልጅ፣ ቤት ሁለት፣ እንዲያ እያለ። ሴቶቹ ያንን እየተመለከቱ በማሽን ካርድ ይበሳሉ፤ ለአንድ ቤት አንድ ካርድ። አንዷ የበሳችውን ሌላዋ ደግማ ትመታዋለች፤ ከተለያዩ ማሽኑ ይቆማል። ከዚያ የአንድ አጥቢያ ካርድ በላስቲክ ታስሮ ወደ ውስጠኛው ክፍል ይገባል። ዋናው ማሽን፣ ኮምፒውተሩ፣ እዚያ ነው ያለው፤ ከሳሎናቸው የሚበልጥ፣ ሙቀት የማይወድ፣ ለእሱ ሲባል ሰው በሚያዝያ ፀሐይ ሹራብ ደርቦ የሚገባበት። ሴቶቹ ራሳቸውን "በሺ" ይሉ ነበር፤ የምትበሳ ለማለት። እትዬ ትርንጎ የባሕረ ሐሳብ ልጅ ናቸውና ቃሏን አላለፏትም፤ እኛኮ አሥር ሴቶች ነን፣ ስንጠራ ግን በሺ ነን ብለው ክፍሉን ሁሉ አሳቁት። ራዲዮኑ በየቀኑ የሚመልሳት አንዲት ዘፈን ነበረች፤ አሥሩም በእሷ ምት ይበሱ ነበር አሉኝ። ዜማዋን አንጎራጎሩልኝ፤ ከግጥሙ ግማሹ ጠፍቷቸዋል፣ የጠፋው ቦታ ላይ ጣታቸው ጉልበታቸውን መታ መታ ያደርጋል።

አንድ ቀን ከማሽኑ ለሙከራ የወጣው ረጅም ወረቀት ሴቶቹ ክፍል ደረሰ፤ ተቀዶ እንዲጣል ነው። እትዬ ትርንጎ ከመጣሉ በፊት የቢቸናን ፈለጉ። ናፍቋቸው ነው፤ ሌላ ምክንያት አልነበራቸውም። ስም የለበትም፣ ቁጥር ብቻ ነው። የአባታቸው ቤት ግን ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ቀጥሎ ስለሆነ የአጥቢያው ቤት አንድ ነው፤ ካርዱንም በእጃቸው በስተውታል። ዝርዝሩ የሚጀምረው ከቤት ሁለት ነው። ቤት አንድ የለም። የጠፋ ገጽ ይኖራል ብለው አገላበጡ፣ የለም። የሞጣን አዩ፤ ከሁለት ይጀምራል። የግንደወይንን፣ የሮብ ገበያን፣ የአማኑኤልን አዩ፤ ሁሉም ከሁለት። "አባቴ ሳይቆጠር ቀረ" አሉ። በየአጥቢያው አንዳንድ ቤት፣ ብዙውም ከቤተ ክርስቲያን ወይም ከመስጊድ ጎን ያለው፣ ከአገሩ ወጥቶ ነበር።

የክፍሉ ኃላፊ ወረቀቱን ሲያሳዩት ጥፋቱ የሴቶቹ ነው አለ። የመጀመሪያውን ካርድ እያሳሳታችሁ ነው፣ ይህን የበሳችሁ ሁለታችሁ ከነገ ወዲያ አትመጡም አለ፤ ሁለታችሁ ያለው እትዬ ትርንጎንና የእሳቸውን ካርድ ደግማ የምትመታውን ጓደኛቸውን ነው። ሁለት ሰው መትቶት ማሽኑ ካልቆመ የካርዱ ስህተት አይደለም ቢሉት፣ የበሺ ሥራ መብሳት ነው፣ ማንበብ ማን አዘዘሽ አላቸው። እሳቸው ግን ከዚያ ክፍል አልወጡም። ጓደኛቸው ሦስት እህት የምታስተምር ነበረች፤ እሳቸው ደግሞ ያልተቆጠረ አባት አላቸው። ፕሮግራሙን የጻፈው አንድ ፈረንጅ ነበር፤ ለምሳ ሙዝ ብቻ የሚበላ ረጅም ሰው። በደብረ ማርቆስ እንግሊዝኛቸው ማሽንህ መቁጠር የሚጀምረው ከየት ነው ብለው ጠየቁት። ከአንድ አለ። እትዬ ትርንጎ ግራ እጃቸውን ጨብጠው ፊቱ አቆሙት። "የለም፣ ከዚህ ነው" አሉት። እጃቸውን እያየ፣ ቀጥሎ የራሱን ወረቀት እያየ ቆየ። ፕሮግራሙን የጻፈው በሌላ አገር ልማድ ነው፤ እዚያ የየጥቅሉ የመጀመሪያ ካርድ ርዕስ ብቻ ስለሆነ ማሽኑ ሳይቆጥር ያልፈዋል። የእኛ ጥቅል ርዕስ የለውም፣ ቀጥታ በቤት አንድ ይጀምራል። ማሽኑ በየአጥቢያው ያለፈው ርዕስ አልነበረም፤ ሰው የሚኖርበት ቤት ነው።

ፈረንጁ ፕሮግራሙን እንደገና ልጻፍ፣ ሁለት ሳምንት ይፈጃል አለ። እትዬ ትርንጎ አንድ ያልተበሳ ባዶ ካርድ አንሥተው የቢቸናው ጥቅል ፊት ላይ አደረጉት። ማሽኑ ባዶዋን አለፈ። ቤት አንድ ወጣ፤ ስድስት ሰው፣ አራት ልጅ። ኃላፊው ይህን አይቶ ሄደ፣ ከነገ ወዲያ ስለተባለውም ዳግመኛ አልተነሣም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለእያንዳንዱ ጥቅል አንዳንድ ባዶ ካርድ ከፊት ይገባ ጀመር፤ ሴቶቹ የዘመን ካርድ አሏት። አዲስ የምትቀጠር በሺ ሁሉ መጀመሪያ የምትማረው እሷን ነበር። ለምን የዘመን እንደተባለች ግን ከእትዬ ትርንጎ በቀር የሚያውቅ አልነበረም።

ፈረንጁ ይህቺ ሴት ፕሮግራም ትማር ብሎ ጻፈ። ኃላፊው ወረቀቱን አንብቦ፣ የውስጠኛው ክፍል ወንበሮች ስድስት ናቸው፣ ስድስቱም ተይዘዋል፣ ወንበር የለም አላቸው። ወንበር ሲል መቀመጫውንም ነው፣ ሹመቱንም ነው። እትዬ ትርንጎ፣ "አልቦ ወንበርም ወንበር ነው" ብለውት ገቡ። ኃላፊው ቀልድ መስሎት ሳቀ፤ እሳቸው የተናገሩት ስሌት ነው። መጀመሪያ ቆመው ሠሩ። ሲደክማቸው የተበላሹ ካርዶች የሚጠራቀሙበትን ግራጫ ሳጥን ከጥግ ጎትተው ተቀመጡበት። ብዙ ዓመት እዚያ ላይ ተቀምጠው ፕሮግራም ጻፉ። አንድ ጠዋት ሲገቡ ከግድግዳው አንዱ ፎቶ ወርዶ ሌላ ተሰቅሎ አገኙ፤ ኃላፊውም ተለወጠ። አዲሱ ኃላፊ ስድስቱን ወንበሮች ቆጥሮ ፈረመባቸው፤ ሳጥኑን አልቆጠረውም። በደመወዝ መዝገቡ ላይ እስከ መጨረሻው በሺ ነበሩ፤ ጡረታ ሲወጡ ያልተቆጠረውን ሳጥን ይዘው ወደ ቢቸና ተመለሱ።

አንድ ጊዜ ማሽኑ ሥራ ፈትቶ በዋለበት ቀን ባሕረ ሐሳቡን በካርድ በስተው አስገቡት። የብዙ ዓመት ነነዌ፣ ዐቢይ ጾምና ፋሲካ አንድ ላይ ወጣ። ወረቀቱን ጠቅልለው ለአባታቸው የላኩት ከሞጣ ጨርቅ ሊጭን በመጣ አንድ ነጋዴ እጅ ነው። ሰውየው ምን እንደሆነ ሲነገረው፣ የእኛንም የረመዳን ጨረቃ ያውቃል ወይ ብሎ ጠይቋቸው ነበር፤ ጨረቃዋ እኮ አንድ ናት፣ ካርዱን እበሳልሃለሁ ብለውት ተሳሳቁ። መሪጌታው ወረቀቱን ተቀብለው አንድ በአንድ በእጃቸው አንጓ አመሳከሩት። አንድ ወር ፈጀባቸው። ከዚያ በወረቀቱ ጀርባ ላይ ጽፈው መለሱላቸው። ያ ወረቀት ከሳጥኑ ግርጌ አለ፤ እትዬ ትርንጎ አውጥተው ሰጡኝ፣ እኔ አነበብኩት። "አንዱን ለዘመኑ ትተሽለታል። ስትመጪ ከተማሪዎቹ ጋር ትቀመጫለሽ" ይላል።

እትዬ ትርንጎ ፈቃድ አግኝተው ቢቸና ሲደርሱ ወይራው ሥር ማንም አልነበረም። መሪጌታው ከተቀበሩ ዘጠኝ ቀን ሆኗቸው ነበር። ይህን ሲነግሩኝ አላለቀሱም፤ ካርዶቹን በየተራቸው መልሰው ሳጥኑን ዘጉ፣ ትራሷን አስተካከሉና ተቀመጡ። ራበሽ አይደል አሉኝ።

ሞጣ ተመልሼ ፕሮግራሜ ላይ አንዷን መስመር ጨመርኩ። ነነዌ ቄሱ ባወጁት ሰኞ ላይ ዋለ። ከዚያ ሁሉንም ነገር ለቲቸር ሰናይት ነገርኳቸው። እሳቸውም ቅዳሜ ቅዳሜ ተማሪዎችን እንዲያስተምሩ ለምኛቸው አሉኝ። ለመንኩ። በስልክ አንድ ጊዜ፣ በደብዳቤ አንድ ጊዜ፣ ለፋሲካ ከእናቴ ጋር ሄጄ አንድ ጊዜ። ሦስቱንም ጊዜ እንቢ አሉ። ያመማቸው ወይም የደከማቸው መስሎኝ ነበር። ለፋሲካ ግን ትክክለኛውን ነገሩኝ። "ተቀመጪ ያለኝ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም አልጠበቀኝም። አሁን በስተርጅና ምን ሆኜ ነው ሰው ፊት የምቀመጠው?" አሉ። እናቴ በክርኗ ጎሰም አደረገችኝ፣ በቃ ተያቸው ለማለት። ተውኳቸው።

ይህን ለቲቸር ሰናይት ነገርኳቸው። በነጋታው የአይሲቲ ክፍል ስንገባ የአስተማሪው ወንበር ተወልውሎ ከፊት ቆሟል፤ መደገፊያው ላይ በነጭ ቀለም "መምህርት ትርንጎ" ተብሎ ተጽፎበታል። ፎቶ አነሣሁትና ለጎረቤታቸው ለነርሷ ላክሁላት፣ የእትዬ ትርንጎ ስልክ ፎቶ አይቀበልምና። ነርሷ በኋላ እንደነገረችኝ፣ እትዬ ትርንጎ ፎቶውን እስኪበቃቸው አይተው አጉዪልኝ አሏት፤ አጎላችላቸው። ጽሑፉን በጣታቸው ተከትለው አነበቡት። ከዚያ የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ "ቀለሙ ደርቋል?" አሉ። ነርሷ እኔን ጠየቀችኝ። ደርቋል አልኩ። ትናንት ደወሉ።

ስለዚህ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ፣ በስምንት ሰዓት፣ ሞጣ፣ ትምህርት ቤታችን፣ አይሲቲ ክፍል። ተማሪ ብቻ አይደለም፣ የፈለገ ሁሉ ይምጣ። እማማ ዘሀራ ሱቃቸውን ዘግተው እንደሚመጡ ነግረውኛል፤ አባታቸው በልጅነታቸው ጨረቃን ስለሚያውቅ ወረቀት ያወሩላቸው እንደነበር አስታውሰው፣ የረመዳኗን ካርድ ዛሬም እየጠበቅኋት ነው ብለዋል። ደብተርና እርሳስ ያዙ፤ ግራ እጃችሁን ደግሞ እንዳትረሱ። የእሳቸውን ሳይጨምር በክፍሉ ያሉት ወንበሮች አሥራ ዘጠኝ ናቸው። አስበንበት አይደለም፣ ሃያኛው ተሰብሮ ነው። ሲሞሉ ግን ቦታ የለም ብላችሁ ከበር እንዳትመለሱ፤ እትዬ ትርንጎ ሳጥኑን አስጭነው ይመጣሉ፣ ትራሷም አለች፤ ወንበር አልቆ የሚመጣው ሰው እዚያ ላይ ይቀመጣል። እኔ ቅዳሜ ዘግይቼ ልደርስ አስቤያለሁ። እባካችሁ ቅደሙኝ።